አብቦ ዘር የማይሰጥ ሽንኩርት፦ ወንዴ መካንነትና የእናት ወገን ውርስ

መግቢያ

ሽንኩርት በአገራችን በመስኖ ከሚለሙት አትክልቶች መካከል ዋነኛውን ስፍራ ከያዙት አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። በተለይም በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ኮረቱን ለገበያ ከማቅረብ ሌላ ዘሩን አምርቶ መሸጥ ለብዙ ገበሬዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የገቢ ምንጭ ሆኗል። አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ የተባሉት ዝርያዎች በነፃ የሚዳቀሉ በመሆናቸው፣ ጥሩ ጥሩውን ኮረት መርጦና ከሌላ ዝርያ አርቆ የተከለ ማኅበር የዝርያውን ጠባይ የጠበቀ ዘር ያገኛል።

ከእነዚህ ጎን ለጎን ከውጭ አገር የሚገቡ የድቅል ሽንኩርት ዘሮች በገበያ ይሸጣሉ። የድቅሉ ኮረት በመጠን የተስተካከለ፣ ምርቱም ከፍ ያለ ሊሆን ስለሚችል፣ የዘሩም ዋጋ ውድ ስለሆነ፣ «ከዚሁ ኮረት ራሳችን ዘር ብናወጣስ?» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ኮረቱ ተመርጦ ይተከላል፤ ውሃ ይጠጣል፤ አገዳ ያወጣል፤ ያብባል። በመሰብሰቢያው ጊዜ ግን የአበባው ራስ ሲታሽ የሚወጣው ገለባ ይሆናል። የወራት ድካም፣ የመስኖ ውሃ፣ ማዳበሪያውና መሬቱ በከንቱ ይቀራሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ዝናቡን፣ ትሪፕስ የተባለውን ጥቃቅን ተባይ ወይም የንብ ማነስን ነው። እነዚህ በእርግጥ የዘር ምርት ይቀንሳሉ። ማሳው በድቅል ኮረት የተተከለ ከሆነ ግን ምክንያቱ ከተክሉ ውስጥ፣ ከእናት ወገን በመጣ ውርስ ላይ ሊገኝ ይችላል። ይህ ውርስ ወንዴ መካንነት ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውርሱ ከየት እንደ መጣ፣ በተክሉ ሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ የልማት ሠራተኞችና የዘር አምራች ማኅበራትም በማሳ ላይ እንዴት ሊለዩት እንደሚችሉ እንገልጻለን።

የሽንኩርት አበባ አሠራር

አንድ የሽንኩርት የአበባ ራስ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 600 የሚደርሱ ትናንሽ አበቦችን ይይዛል። በእያንዳንዱ አበባ ውስጥ 6 የወንዴ ዘንጎች ሲኖሩ በየጫፋቸው የአበባ ብናኝ (ፖለን) የሚሠራበት ከረጢት አለ። በመካከል የሚገኘው የሴቴ ክፍል 3 ጓዳዎች ያሉት ሲሆን በየጓዳው ሁለት፣ በድምሩ እስከ 6 ፍሬ ሊያፈራ ይችላል።

ብናኙ ቀድሞ ይበተናል፤ የዚያው አበባ የሴቴ ክፍል ብናኝ ለመቀበል የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አበባው በአብዛኛው ከሌላ አበባ የሚመጣ ብናኝ ይፈልጋል። ብናኙን የሚያደርሱት ንቦችና ሌሎች በራሪ ነፍሳት ናቸው።

ሁለት የተመረጡ የሽንኩርት ሐረጎችን አዳቅሎ ድቅል ዘር ለማግኘት የሚፈልግ ሰው፣ እናት የሚሆነው ተክል በራሱ ወገን ብናኝ እንዳይዳቀል መከልከል አለበት። በበቆሎ የወንዴውን አበባ ከአናቱ ላይ ነቅሎ መጣል ይቻላል። በሽንኩርት ግን በአንድ ራስ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ አበቦች ስላሉ፣ ከረጢቶቹን በእጅ መልቀም ለሙከራ ካልሆነ በስተቀር ለሰፊ ምርት አይሆንም። ስለዚህ ብናኝ የማይሠራ ተክል ማግኘት አስፈላጊ ሆነ።

ወንዴ መካን ሽንኩርት እንዴት ተገኘ

እ.ኤ.አ. በ1925 ሄንሪ ጆንስ የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ በዴቪስ ማሳ ላይ፣ «ጣሊያን ቀይ» ከተባለ ዝርያ መካከል ብናኝ የማይሠራ አንድ ተክል አገኙ። ይህ ተክል በአበባው ራስ ላይ ትናንሽ ኮረቶች ያበቅል ስለነበር፣ እነዚህን እየተከሉ ያለ ዘር ሊያራቡት ቻሉ። ጆንስና ክላርክ የተባሉ የሥራ ጓደኛቸው የዚህን መካንነት አወራረስ እ.ኤ.አ. በ1943 ገልጸው አሳተሙ።

የደረሱበት ውጤት ይህ ነበር። መካንነቱ የሚታየው ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። አንደኛው ከእናት ብቻ የሚወረስ ልዩ ሳይቶፕላዝም ነው፤ ሳይቶፕላዝም ማለት በሕዋስ ውስጥ ከአስኳሉ ውጭ ያለው ክፍል ነው። ሁለተኛው በአስኳሉ ውስጥ ያለው፣ ከአባትም ከእናትም የሚወረሰው መላሽ ጂን አለመኖሩ ነው። ከዚህ የሚከተሉት ሦስት ዓይነት ተክሎች ይገኛሉ።

ሀ) መካን አምጪ ሳይቶፕላዝም ያለው፣ መላሽ ጂን የሌለው፦ ብናኝ አይሠራም። የድቅል ዘር እናት ሆኖ የሚያገለግለው ይህ ነው።

ለ) መደበኛ ሳይቶፕላዝም ያለው፣ መላሽ ጂን የሌለው፦ ብናኝ ይሠራል። በ«ሀ» ላይ ሲዳቀል ልጆቹ ሁሉ እንደ «ሀ» መካን ስለሚሆኑ፣ የእናቲቱን ሐረግ ከዓመት ዓመት ለማቆየት ያገለግላል። ጠባቂ ሐረግ ይባላል።

ሐ) መካን አምጪ ሳይቶፕላዝም ያለው፣ ነገር ግን ቢያንስ አንድ መላሽ ጂን የያዘ፦ ብናኝ ይሠራል። ለዓይን ከደህናው ተክል አይለይም፤ የእናቱን ውርስ ግን በውስጡ ይዟል።

ይህ ሦስተኛው ዓይነት ለዘር አምራች ዋናው ሥጋት ስለሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከአስኳል ውጭ ያለ ውርስ

የተክል ውርስ በአብዛኛው የሚቀመጠው በአስኳሉ ውስጥ ባሉት ክሮሞሶሞች ላይ ነው። ነገር ግን በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ የራሳቸው ውርስ ያላቸው ሁለት ዓይነት ጥቃቅን አካላት አሉ። አንደኛው ክሎሮፕላስት ነው፤ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውና ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራው ይህ ነው። ሌላው ማይቶኮንድሪያ ሲሆን ምግቡን ለሕዋሱ ሥራ ወደሚሆን ኃይል ይለውጣል።

በመጠን ሲታይ የአስኳሉ ውርስ እጅግ ይበልጣል። የሽንኩርት አስኳል 16 ቢሊዮን ያህል የውርስ ፊደላት ሲኖሩት የክሎሮፕላስቱ ውርስ 150 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ይህ ትንሹ ውርስ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። በሽንኩርት የአባት ብናኝ አስኳሉን እንጂ ክሎሮፕላስቱንና ማይቶኮንድሪያውን ለልጅ አያስተላልፍም። ሁለቱም ከእናት ይወረሳሉ፤ ትውልድ ቢለዋወጥም አብረው ይጓዛሉ። ስለዚህ አንድን ሐረግ ለአሥር ትውልድ ያህል በሌላ ዝርያ ብናኝ ብናዳቅለው፣ አስኳሉ ከሞላ ጎደል ይለወጣል፤ ሳይቶፕላዝሙ ግን የመጀመሪያዪቱ እናት ሆኖ ይቀራል።

ጂን መኖሩና ጂን መሥራቱ

ጂን እንደ ተጻፈ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ተገልብጦ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ካልደረሰ በተክሉ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ ጂን መኖሩና ጂን መሥራቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል።

ወንዴ መካንነትን የሚያመጣው ጂን በአብዛኛው በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይገኛል። የማይቶኮንድሪያ ውርስ በተክሎች ዘንድ ቶሎ ቶሎ እየተቆረጠ የሚቀጣጠል ነው። ቁርጥራጮቹ ባልተለመደ ቦታ ሲገጣጠሙ አዲስ፣ ለተክሉ የማይጠቅም ጂን ሊፈጠር ይችላል። ይህ ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን በቅጠል፣ በሥርና በኮረት ላይ ጉልህ ጉዳት ሳያሳይ ሊቀር ይችላል። የአበባ ብናኝን የሚመግበው ስስ ሽፋን ግን በአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ፣ ማይቶኮንድሪያው ሲታወክ ያለ ጊዜው ይሞታል። ብናኙም ሳይበስል ይመክናል። የሴቴው ክፍል ጤናማ ስለሆነ ከውጭ ብናኝ ካገኘ ፍሬ ይይዛል።

መላሽ ጂን የሚባለው በአስኳሉ ውስጥ ሆኖ ይህን ጎጂ ጂን ሥራ የሚያስፈታው ነው። ለምሳሌ በራዲሽ የተጠናው መላሽ ጂን ጎጂው ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዳል። ጎጂው ጂን ግን ከቦታው አይጠፋም፤ ዝም ይላል እንጂ። መላሹ ጂን በልጅ ወይም በልጅ ልጅ ላይ ሲጎድል እንደገና ሥራውን ይጀምራል። ከላይ በ«ሐ» የተጠቀሰው ተክል ደህና መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ መላሽ ጂን ብቻ የያዘ እንዲህ ያለ ተክል በራሱ ብናኝ ቢዳቀል ከልጆቹ መካከል ሩብ ያህሉ መካን ይሆናሉ።

የድቅል ሽንኩርት ለምን ዘር አይሰጥም

በማሽላና በሱፍ የሚሸጠው ምርት ፍሬው ስለሆነ፣ በወንዴ መካንነት የተዘጋጀ ድቅል ዘር አባቱ መላሽ ጂን እንዲኖረው ግድ ነው፤ አለዚያ የገበሬው ማሳ ያለ ፍሬ ይቀራል። በሽንኩርት የሚሸጠው ግን ኮረቱ ነው። ኮረት ለመሥራት ብናኝ አያስፈልግም። ስለዚህ የሽንኩርት ድቅል አዳቃዮች ለአባትነት የሚመርጡት ሐረግ መላሽ ጂን እንዲኖረው አይገደዱም፤ ለገበሬ የሚደርሰውም ድቅል ብዙ ጊዜ ራሱ ወንዴ መካን ነው።

ገበሬው ኮረቱን ሲሸጥ ከዚህ የሚደርስበት ጉዳት የለም። ኮረቱን ለዘር ሲተክለው ግን ከሁለት ነገሮች አንዱ ይገጥመዋል። በአቅራቢያው ሌላ የሽንኩርት አበባ ከሌለ ማሳው በሙሉ አብቦ ባዶ ይቀራል። ሌላ ሽንኩርት በአቅራቢያው ካለ ደግሞ ንቦች ብናኝ ያመጡለትና ጥቂት ወይም በርከት ያለ ዘር ይይዛል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ባዶ የቀረ ማሳ ኪሳራው ለአንድ ወቅት ሲሆን፣ ከየትም በመጣ ብናኝ የተያዘው ዘር ግን አባቱ ያልታወቀ፣ መካን አምጪውን ሳይቶፕላዝም ሁሉም የተሸከመ ነው። ይህ ዘር በዝርያ ስም ታሽጎ ቢሸጥ ወይም ከማኅበሩ ዘር ጋር ቢደባለቅ ችግሩ ወደ ሌሎች ማሳዎች ይዛመታል።

ክሎሮፕላስት እንደ ምስክር

የተደበቀውን ሳይቶፕላዝም ለማወቅ ቀድሞ የነበረው መንገድ የሙከራ ማዳቀል ብቻ ነበር። ሽንኩርት አንዱን ወቅት ኮረት ለመሥራት፣ ሌላውን ለማበብ ስለሚወስድ፣ የአንድን ተክል ሳይቶፕላዝም ለይቶ ለማረጋገጥ ከ4 እስከ 8 ዓመት ይፈጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1995 ማይክል ሄቪ የተባሉ የሽንኩርት ተመራማሪ ከክሎሮፕላስት ውርስ የተወሰነ ክፍል በላቦራቶሪ አባዝቶ በማየት ሳይቶፕላዝሙን መለየት የሚቻልበትን ዘዴ አሳተሙ። መደበኛው ሳይቶፕላዝምና ከጣሊያን ቀይ የመጣው መካን አምጪ ሳይቶፕላዝም በክሎሮፕላስታቸው ውርስ ላይ በጥቂት ቦታዎች ይለያያሉ። ለምርመራው ትንሽ የቅጠል ቁራጭ ይበቃል፤ ተክሉ እስኪያብብ መጠበቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። በመጀመሪያ፣ በዚህ ጉዳይ ክሎሮፕላስቱ ምስክር እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። መካንነቱን የሚያመጣው ማይቶኮንድሪያው ሲሆን፣ ክሎሮፕላስቱ አብሮት ከእናት ስለሚወረስ ማን እንደ ነበረች ይመሰክራል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ምስክሩ ሁልጊዜ በቂ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1965 በፈረንሳይ የተገለጸ ሌላ መካን አምጪ የሽንኩርት ሳይቶፕላዝም አለ፤ የዚህ ክሎሮፕላስት ከመደበኛው ጋር ስለሚመሳሰል የማይቶኮንድሪያውም ውርስ መመርመር ይኖርበታል። የአስኳሉ መላሽ ጂንም ለብቻው የሚመረመር ነው።

ክሎሮፕላስቱ ራሱ ችግር የሆነበት ጊዜ

በሌሎች ሰብሎች ክሎሮፕላስቱ ከምስክርነት አልፎ ዋና ባለጉዳይ ሆኖ ተገኝቷል። ኦጉራ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በራዲሽ ላይ የወንዴ መካንነትን ገለጹ። ይህ ሳይቶፕላዝም በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ተደጋጋሚ ማዳቀል ወደ ጎመን ዘሮች ተዛወረ። የተገኙት ተክሎች ብናኝ አልባ ሆኑ፤ ነገር ግን ቅዝቃዜ ሲነካቸው ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፤ አበባቸውም በቂ ማር ስላልነበረው ንብ አልሳበም። የቅጠሉ ብጫነት ምክንያት የራዲሽ ክሎሮፕላስት ከጎመን አስኳል ጋር ተስማምቶ መሥራት አለመቻሉ ነበር። ክሎሮፕላስት ለሥራው ከሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች አብዛኞቹን የሚቀበለው ከአስኳሉ ጂኖች ስለሆነ፣ ሁለቱ ካልተግባቡ አረንጓዴነቱ ይጎድላል።

እ.ኤ.አ. በ1983 በፈረንሳይ የፔልቲዬ የምርምር ቡድን የሁለቱን ተክሎች ሕዋሳት ግድግዳቸውን ገፍፎ በማዋሃድ፣ የጎመን ወገን ክሎሮፕላስትና የተቀላቀለ ማይቶኮንድሪያ ያላቸውን ተክሎች ማግኘቱን አሳተመ። እነዚህ ቅጠላቸው አረንጓዴ፣ ብናኛቸው ግን መካን ሆነው ተገኙ። በትምባሆም እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የባክቴሪያ ጂን በክሎሮፕላስቱ ውስጥ ገብቶ እንዲሠራ በማድረግ ወንዴ መካን ተክል ተገኝቷል፤ ተክሉ ለቀናት ያለ ማቋረጥ ብርሃን ሲያገኝ ብናኙ ተመልሷል። ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው እናት ለዘሩ የምትሰጠው ሳይቶፕላዝም በቅጠሉ፣ በማሩና በብናኙ ላይ ሁሉ የሚታይ ውጤት ሊኖረው እንደሚችል ነው።

በአንድ እናት ብቻ የመመካት አደጋ

እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ከተዘራው ድቅል በቆሎ 85 በመቶ ያህሉ «የቴክሳስ ሳይቶፕላዝም» የተባለውን አንድ ዓይነት መካን አምጪ ሳይቶፕላዝም የያዘ ነበር። በዚያ ዓመት አንድ የቅጠል አድራቂ ፈንገስ ልዩ ዝርያ ተነሥቶ ይህን በቆሎ አጠቃ፤ ከአገሪቱ የበቆሎ ምርትም 15 በመቶ ያህሉ ጠፋ። በኋላ በተደረገው ጥናት ብናኙን የሚያመክነው የማይቶኮንድሪያ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ተክሉን ለፈንገሱ መርዝ የሚያጋልጠውም እንደ ሆነ ታውቋል።

አባቶቻቸውና አስኳላቸው የተለያየ ቢሆንም እናታቸው አንዲት ስለነበረች ሁሉም በአንድ ጊዜ ተጠቁ። ስለዚህ አንድ ማኅበር ሁሉንም መሬቱን በአንድ ድቅል ብቻ ከመሸፈን ይልቅ፣ በነፃ የሚዳቀሉትን ዝርያዎች ዘር ንጹሕ አድርጎ ጎን ለጎን ቢያቆይ ይጠቀማል።

በማሳ ላይ የሚደረግ ምርመራና ጥንቃቄ

1. ለዘር የሚተከለው ኮረት ከየት እንደ መጣ ይመዝገብ። የዘሩ ከረጢትና መለያው እስከ መሰብሰቢያ ድረስ ይቀመጥ። መለያው ላይ ድቅል ተብሎ ከተጻፈ ኮረቱ ለገበያ እንጂ ለዘር አይተከል።

2. የዘር ማሳው ከሌላ የሚያብብ ሽንኩርት ቢያንስ 1,000 ሜትር ይራቅ። ኮረቱ ለገበያ ከሚመረትበት ማሳ ያለ ጊዜው አገዳ ያወጣ ተክል ካለ ሳያብብ ይቆረጥ።

3. አበባው መፍካት ሲጀምር ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ማሳውን በሰያፍ እየተጓዙ 100 ተክሎችን መመርመር ያስፈልጋል። የፈኩት አበቦች በጥቁር ጨርቅ ላይ ቀስ ተብለው ይታሹ። ደህናው ተክል በጨርቁ ላይ ብጫ ዱቄት ይተዋል። የመካኑ ተክል ከረጢቶች የጫጩ፣ ፈዘዝ ያሉና ያልተከፈቱ ሲሆኑ ዱቄት አይወጣቸውም። የማይታወቅ ሲሆን ያው ተክል ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ይታይ።

4. የመካንነት ምልክት ከሌላ ጉዳት ይለይ። መካን ተክል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አበባ፣ በሁሉም ራሶቹ ላይ ብናኝ አይኖረውም፤ ጎረቤቱ ተክል ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ሙቀት፣ የውሃ እጥረትና ትሪፕስ የሚያደርሱት ጉዳት ተጎራባች ተክሎችን አንድ ላይ ይነካል፤ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላውም ይለያያል።

5. መካን ተክሎች ጥቂት ከሆኑ ወዲያውኑ ይነቀሉ። መካን ተክል ብናኝ ስለሌለው ጎረቤቶቹን በአባትነት አይበክልም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ዘሩ ከሌላው ጋር ሲሰበሰብ ነው። ስለዚህ ሳይነቀል የቀረ ቢኖር ራሱ ተቆርጦ ይወገድ።

6. መካን ተክሎች ብዙ ከሆኑ፣ ወይም እየተነቀሉ በየትውልዱ ከታዩ፣ ደህና በሚመስሉት መካከል የተደበቀ መካን አምጪ ሳይቶፕላዝም እንዳለ ይገመታል። ይህን በዓይን መርጦ ማጥራት አይቻልም። የሚሻለው ዘሩን ለዘርነት አለመሸጥና ከምርምር ማዕከል ወይም ከታወቀ የዘር አምራች በተገኘ ንጹሕ መሥራች ዘር እንደገና መጀመር ነው።

7. አበባው በፈካበት ጊዜ ንቦች በሚሠማሩበት ሰዓት ፀረ ተባይ አይረጭ። በደህና ዝርያም ቢሆን ንብ ከሌለ ዘር የለም።

ማጠቃለያ

የዘር አምራች ብዙውን ጊዜ የሚጠነቀቀው ከአባት ወገን ለሚመጣ ብክለት ነው። ማሳውን የሚያርቀው፣ ባዕድ ተክል የሚነቅለው የባዕድ ብናኝ እንዳይገባበት ብሎ ነው። ይህ ተገቢ ነው። የእናት ወገን ብክለት ግን በነፋስና በንብ አይመጣም፤ የሚገባው ሰው በእጁ በሚተክለው ኮረት ነው። አንዴ ከገባም በኋላ መላሽ ጂን ሸፍኖት ለትውልዶች ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ የማኅበሩ የመጀመሪያ መከላከያ የኮረቱን ምንጭ ማወቅ፣ ሁለተኛው በአበባ ጊዜ በጥቁር ጨርቅ መመርመር ነው። የልማት ሠራተኞችም የአበባው ወቅት ከመድረሱ በፊት ይህን ምርመራ ከማኅበራት አባላት ጋር ሆነው በተግባር እንዲያሳዩ እናሳስባለን።